ያፈነገጠው ድምፅ

እማማ እታገኝ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመው ከማጅራታቸው ላይ ይቋጥራሉ።

«በሉ ክፈቱ። የትኛው የማን እንደሆነ የነገረኝን በጥፊ ነው የምለው።»

ዳኛ ያደረጓቸው የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ጵርስቅላና ኤልቃና ለሳሎኑ አዲስ ስፒከር ገዝተው፣ ከሱ ጋር በሚቀመጠው ኮምፒውተር ላይ መስማማት አቅቷቸው፣ የኮተቤ ጎረቤት ጭቅጭቃቸውን በቃሉ ይዞታል።

«የኔን ዊንዶውስ ማንም ሰው ይከፍተዋል» ትላለች ጵርስቅላ። «ያንተ ሊኑክስ ግን አንተ እዚህ ካራ ድረስ እንኳ ከሄድክ መዝሙር የለም።»

«ያንቺ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል» ይላል ኤልቃና፣ የሳሙና ሳጥን የምታክል ኮምፒውተሩን እያሻሸ። «የኔ የተቀዳውን እንዳለ ነው የሚያወጣው። አይጨምርም፣ አይቀንስም።»

«ምስክር ነው እንዴ?» ይላሉ እማማ እታገኝ ከነጠላው ውስጥ። «ዝም በሉና አሰሙኝ።»

መፈተኛው አንድ መዝሙር ነው፤ እሳቸውና ባላቸው ጋሽ ሊሊሳ በወጣትነታቸው ከቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ጋር የዘመሩት፣ ኤልቃና ከአሮጌ ካሴት የገለበጠው። እማማ እታገኝ ይህን መዝሙር ሳያሰሙ እንግዳ አይሸኙም። አዝማቹ ላይ አንድ ድምፅ ከመስመር ይወጣል። «እሱ ሊሊሳ ነው» ይላሉ ሁልጊዜ፤ «እንደሚጎተት በሬ። ከጎኑ ቆሜ ባላቃናው መዘምራኑ ይበተኑ ነበር።» እንግዳው ይስቃል። ጋሽ ሊሊሳም ይስቃሉ።

የመጀመሪያው ይከፈታል። ማራገቢያው ያጓራል፤ መዘምራኑ እንደ ሩቅ ገበያ ተደበላልቀው ይሰማሉ፤ አዝማቹ ላይ ያ ድምፅ ውልቅ ይላል።

«ይኸው ሊሊሳ» ይላሉ ዳኛዋ በኩራት። ጋሽ ሊሊሳ ከሶፋው ጥግ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሁለተኛው ይከፈታል። ቤቱ ጸጥ ይላል። መዘምራኑ ግድግዳው ሥር የተሰለፉ ይመስላሉ፤ ትንፋሽ የሚስበው ሳይቀር አንድ በአንድ ይለያል። አዝማቹ ሲደርስ የሊሊሳ ድምፅ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከጎኑ የአንዲት ልጃገረድ ድምፅ ቀድሞ ይዘላል፣ የሚያርፍበት ያጣል፣ ይወድቃል፣ ተነስቶ ደግሞ ይዘላል። የዜማውን መጨረሻ እያንቀጠቀጠች የምትለቅ ልጅ ናት። እማማ እታገኝ እስከ ዛሬ ሲዘምሩ እንዲያ ነው የሚለቁት።

ነጠላው ሥር አፋቸው ይከፈታል። ይዘጋል።

«የመጀመሪያው» ይላሉ።

«እማማ፣ እሱ እኮ ወፍጮ ነው» ይላል ኤልቃና።

«ወፍጮ እወዳለሁ። እህል ያለበት ቤት ያስመስላል።»

«አንዴ ብቻ ልድገምልዎት። አዝማቹን ልብ ይበሉ። ጵርስቅላ፣ አንቺም ስሚ፤ ማን እንደሚያፈነግጥ ቁልጭ ብሎ ይለያል።»

«ተፈርዷል አልኩ እኮ» ይላሉ እማማ እታገኝ፣ ነጠላውን ሊፈቱ እየታገሉ። ቋጠሮው እምቢ ይላቸዋል። ኤልቃና ከፍቶታል።

ጵርስቅላ ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ ታስጠጋለች። አዝማቹ ይቃረባል። ካሴቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ልትዘል ትንፋሿን ትስባለች።

ያን ጊዜ ጋሽ ሊሊሳ ከሶፋው ጥግ ብድግ ይላሉ። እቤት ውስጥ ዘምረው የማያውቁት ሰውዬ አፋቸውን ከፍተው፣ ከስፒከሩ በላይ፣ ልክ እንደሚጎተት በሬ ይዘምራሉ። መዝሙር ሆን ብለው ካላበላሹት በቀር እንዲህ አይበላሽም። ጵርስቅላ ሆዷን ይዛ በሳቅ ወለሉ ላይ ትዘረራለች። ኤልቃና ማጥፊያውን ፍለጋ ይንደፋደፋል።

«ሰማችሁት አይደል?» ይላሉ እማማ እታገኝ። «ከዱሮም እንዲህ ነው።»

ከዚያ ዓይናቸው እንደታሰረ እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ይዳብሳሉ፣ የባላቸውን ኮት እጅጌ እስኪያገኙ። አግኝተውም አይለቁትም።