በፕላስተር የተደፈነችው ቀዳዳ

የድሮ ፊልም ካሴቶች ሰብሳቢው፣ ታላቅ እህቱ ከአባታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ያገኘችውን ካሴት ገልብጦ ጠርዙን ሲያይ ክው አለ። ወጣት ሳለ እቤት ትቶት የሄደው፣ በኋላም ጠፋ ብሎ ስንት አገር ያሰሰው፣ የሚወደው ፊልም የመጀመሪያ የካሴት ቅጂ ነበር። ኋላ የወጡት ቅጂዎች መጨረሻቸው ተቆርጧል። ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ግን በፕላስተር ተደፍናለች። ክፍት ብትሆን የቪዲዮ ማጫወቻው ዴክ በካሴቱ ላይ አይቀዳም፤ ከተደፈነች ይቀዳል።

«በቃ፣ ሌላ ነገር ቀድተውበታል» አለ።

«ሬሳው ሳይታይ ለቅሶ ተቀመጥክ? ይልቅ ክተተው!» አለች እህቱ።

ፊልሙን ፈራ ተባ እያለ አየው። ሴትዮዋ ከባቡሩ ወርዳ የምትመለስበት፣ ሌላ ቅጂ ላይ የሌለው መጨረሻ ምንም ሳይጎድለው አለፈ። የተዋንያኑ ስም ወጥቶ አለቀ፤ ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ ሟቹ አባታቸው ክራባታቸውን እያስተካከሉ ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ካሜራውን ከጎረቤት ተውሼ ነው» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ፊልምህን እንዳላበላሽብህ እስኪያልቅ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። የሰዎቹም ስም አልፏል። ስትመጣ ባታገኘኝ፣ መቼም ይሄን ሳታይ አትውልም ብዬ ነው። በርታ እሺ?»

«አቤት አባባ!» አለች እህቱ፣ እየሳቀች እንባዋን እየጠረገች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ እሱ፣ ወደ ጠቆረው ስክሪን። ካሴቱንም አወጣው። ከሰበሰበው ዕቃ ላይ አንዲት ወረቀት እንኳ ነቅሎ አያውቅም። የአባቱን ፕላስተር ግን በጥፍሩ ቀስ አድርጎ ላጠው፤ ከእንግዲህ በእሳቸው ላይ ማንም እንዳይቀዳ።