የሼውሊ ማስታወቂያ

«ማስታወቂያውን አሁንም አልፈቀዱም» እላለሁ፣ ዓይኔን ከስልኩ ሳላነሳ።

የሼውሊ እናት መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ትተወዋለች። «ደግሞ ምን አጠፋን?»

«ማስታወቂያው ማህበራዊ ጉዳይ ይነካል ነው የሚሉት። እንደዚያ ከሆነ ከፍሎ ያስነገረው ሰው ማንነት ከሥሩ መጻፍ አለበት። ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ።»

የሌሎቹ ሴቶች ካንታ እንዲህ አስቸግሮኝ አያውቅም። ካንታ ያው አሮጌ ሳሪ በሳሪ ላይ ተደርቦ የሚሰፋ የብርድ ልብስ ነው፤ እነሱ እኔ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ፣ እኔ ፎቶ አንስቼ «ለስላሳ፣ ሞቃት፣ ለክረምት ብርድ የሚሆን» ብዬ በኢንተርኔት ገጼ ላይ ከፍዬ ለዳካ ሰዎች አስተዋውቃለሁ። የሼውሊ እናትን ካንታ ማስታወቂያ ግን ራሷ ናት ያስጻፈችኝ። «ይህ የልጄ የሼውሊ ሳሪ ነው። ይዛ የገባችው ጥሎሽ አነሰ ብለው በእሳት ገደሏት» በይ አለችኝ፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

«ማህበራዊ ጉዳይ ማለት ምንድን ነው?»

«ሰው የሚከራከርበት ነገር ነው፣ አክስቴ። ጥሎሽ፣ የሴቶች መብት፣ ምርጫ...»

«በሼውሊ ማን ይከራከራል? ፍርድ ቤቱ እንኳ ‹ምድጃው ነው የገደላት› ብሎ ዘግቶት የለ።»

ደንቡን ያወጣውን ሰው ልሰድብ ያምረኛል፣ ግን ክፉ ደንብ አይደለም። ስሙን ደብቆ በገንዘቡ ወሬ የሚነዛ ስለበዛ የወጣ ነው። የሚደበቅ ሁሉ ክፉ እንዳልሆነ ግን ደንብ ከየት ያውቃል።

«ታዲያ ስም ከፈለጉ ስጫቸው። የሼውሊ እናት ብለሽ ጻፊ።»

«መታወቂያዎ ላይ ያለውን ነው የሚፈልጉት። ሞኖዋራ ቤገም የሚለውን።»

«ሞኖዋራ!» ትላለች ጁሌኻ ከጥግ። «እኔ ደግሞ አንቺ ስትወለጂም የሼውሊ እናት የተባልሽ ነበር የሚመስለኝ።»

ሴቶቹ ይስቃሉ። እውነቷን ነው፤ እኛ ዘንድ ሴት አንዴ ከወለደች በበኩር ልጇ ነው የምትጠራው፣ ልጅቷ ከሞተች በኋላም የሚለውጠው የለም። የሼውሊ እናትም አብራ ትስቃለች፣ የምታኝከው የፓን ቅጠል ያቀላው ጥርሷ ይታያል። ወዲያው ግን ፊቷ ይከብዳል።

«ስሜ ከተጻፈ እነሱም ያዩታል?»

«የፈለገ ሁሉ ያየዋል።»

እነሱ የምትላቸው ከወንዙ ማዶ ያሉትን የሼውሊን ባል ቤተሰቦች ነው። የሼውሊ ልጅ ቱኒ በእጃቸው ናት። በዒድ በዒድ ለሼውሊ እናት በሩን ይከፍቱላታል፤ ስጦታ ይዛ ከመጣች፣ የሼውሊንም ነገር በአፏ ካላነሳች። ያን ቀን እንደ እንግዳ ተቀምጣ የልጅ ልጇን ፀጉር ትሠራለች፣ የሚጠጣ ይሰጧታል፣ ትመርቃቸዋለች። እኔ ብሆን አላደርገውም ስል ኖሬአለሁ። እኔ ግን የልጅ ልጅ የለኝም።

«የኔን ስም ላስገባ» እላታለሁ። «ገጹም የኔ ነው።»

«አድራሻሽ የት ነው?»

«ያው እዚሁ።»

«እዚህ መንደር ስንት ሼውሊ ተቃጠለች?»

ውጭ የቴምር ጭማቂ ሻጩ እየጮኸ ያልፋል፣ ማንም አይጠራውም።

«ሼውሊ የምትባል መዓት ናት ብዬ ነበር» ትላለች ቀስ ብላ። «የትኛዋ እንደሆነች አይጠይቁም ብዬ። አንድ የማላውቀው ሰው ማታ ሲደርበው ‹ሼውሊ የምትባል ልጅ ነበረች› ቢልልኝ ምን አለበት?»

«ካንታውን ያስቀምጡት ታዲያ። አይሸጥ።»

«ዒድ ደረሰ እኮ። እዚያ ቤት ባዶ እጅ አይገባም።»

ክሩን በጣቷ እየጠቀለለች ትፈታዋለች። «ቱኒ ባለፈው የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር። አሁን በቅሎ ይሆናል» ትላለች። ቆይታም፣ «የሼውሊ ስም የቱ ጋ ነው?»

ማንበብ አትችልም። ስልኩን አስጠግቼ አሳያታለሁ። ጣቷን ወደ መስታወቱ ትዘረጋና ሳትነካው ትመልሰዋለች።

«አጭር ናት» ትላለች። «አውጪያት።»

አንዴ ቀና ብዬ አያታለሁ፣ ሐሳቧን እንድትለውጥ። እሷ ግን መርፌዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ክር ለማስገባት ዓይኗን አጥብባለች።

«አውጪ አልኩሽ፣ ልጄ። ሆድ ይፍጀው።»

አወጣለሁ። ለሌሎቹ የምጽፈውን እጽፋለሁ፤ ለስላሳ፣ ሞቃት፣ ለክረምት ብርድ የሚሆን። እሷ ክሩን ሳታስገባ ማስታወቂያው ተፈቅዶ ይመጣል። ለዚህ ማንም ስም አይጠይቅም።

ሴቶቹ ወደ ስፌታቸው ተመልሰዋል። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ላይ መልእክት ይገባል፣ ከዳካ አንዲት ሴት ናት። ካንታውን ወዳዋለች፣ ዋጋውም አልከበዳትም፣ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ትፈልጋለች። ለሼውሊ እናት ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

«ጨርቁ አዲስ ነው ወይስ የተለበሰ?»

የሼውሊ እናት ካንታውን ጭኗ ላይ ትዘረጋዋለች። በመዳፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትዳብሰዋለች፣ ስፌቱ ላይ አንዳች እንከን የምትፈልግ ይመስላል።

«የተለበሰ ነው በያት። ሰው አናታልልም» ትላለች። «ግን ብዙ አልተለበሰም በያት።»