ለፎቶ የተሰጠ ጓንት

አዲሱ የኃይል ካቢኔት ከስልክ ማማው ሥር ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ቆሟል። የቀረው ባትሪዎቹን ማገናኘት ብቻ ነበር። ኃላፊው ከመኪናው ወርዶ ለቴክኒሻኑ ሄልሜት፣ የጎማ ጓንትና እጀታው ጎማ የለበሰ መፍቻ ሰጠው።

«መፍቻውን ብሎኑ ላይ ያዝ። ወደዚህ እይ። ፈገግ በል እንጂ፣ ለቅሶ ቤት አስመሰልከው!»

ለደህንነት ሪፖርቱ የሚሆነውን ፎቶ አነሳና ሁሉንም ተቀብሎ መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«ጋሼ፣ መፍቻውን እንኳ ይተዉልኝ» አለ ቴክኒሻኑ።

«ሌላ ሦስት ቦታ የማነሳው ፎቶ አለብኝ። ካልፈለግህ ተወው፤ ሥራ የሚፈልግ ሞልቷል።»

እናቱን ጨምሮ አምስት ሰው የሚተዳደረው በቴክኒሻኑ እጅ ነው። የራሱን ባዶ የብረት መፍቻ በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ጀመረ። እያጠበቀ ሳለ ጨርቁ ተንሸራተተ፤ ብረቱም የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አንድ ላይ ነካ። የፈነዳው እሳት ሁለት እጁን በላው።

በሳምንቱ ኃላፊው ሙዝ ይዞ ሆስፒታል መጣ። የቴክኒሻኑ እናት ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችለት። ልጇ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የሰነበተው፤ ፊት ለፊት የሚናገረውን ሁሉ አንድ በአንድ በልቡ ደርድሯል።

«እግዚአብሔር ይማርህ» አለ ኃላፊው። «እንግዲህ ሥራ ቆሞ አይጠብቅም። ነገ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

በሽተኛው በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን አየ። እናቱን አየ።

«ጋሼ» አለ፤ «ታናሽ ወንድሜ ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀምጧል። እሱ እንደ እኔ ጥያቄ አያበዛም።»