የጠሀ መጠቅለያ ወረቀት

በርበሬ የተጠቀለለበትን ወረቀት ከአንዲት ገበያተኛ ሴትዮ እጅ መንትፌ በርበሬውን መሬት ላይ ደፋሁት። ጽሑፉ የኔ ነው። የደመወዝ የእንግሊዝኛ ስሙ «ሳላሪ» ከጨው እንደመጣ ያስረዳሁበት ገጽ በቀይ ዱቄት ተለውሷል።

«ውይ! ሰውዬው አብዷል!» ሴትዮዋ ጮኸች።

ባለሱቁ ጠሀ ከባንኮኒው ጀርባ ከደብተሬ ሌላ ገጽ ሊቀድ እጁን ሰነዘረ።

«በኃይለ ሥላሴ አምላክ! እንዳትቀድ!» አልኩት።

እጁ እንደተሰነዘረ ቀረ። ከአንዋር መስጊድ በኩል የሚመጣው መንገደኛ ሁሉ ለወሬ ቆመ።

«ጋሼ በሪሁን፣ ምን ነካዎት? እትዬ ሰገነት ናቸው ያመጡልኝ። ወረቀቱን በሁለት ኪሎ በርበሬ ለወጥን፣ አለቀ። እኔ ምን አጠፋሁ?»

ማን እንዳመጣለት አውቃለሁ። ጠዋት የደብተሮቼን ሳጥን ባዶ ሳገኘው ሚስቴ ሰገነት ዓይኗን በጨው አጥባ ነግራኛለች። ይኸው ከቤት ጀምሮ ተከትላኝ መጥታ ከኋላዬ ቆማለች።

አስራ አንድ ዓመት! ከማስተማሩ በተረፈኝ ሰዓት ሁሉ ሰባት ደብተር ሞላሁ። ሹገር የሚለው የስኳር ስም ከህንድ ተነስቶ በዐረብ አገር አድርጎ እንግሊዝ እንደገባ፣ ራን የምትባል አንዲት ሚጢጢ የእንግሊዝኛ ቃል ከሩጫ ሌላ አርባ ስድስት ፍቺ እንዳላት፣ ሁሉም እዚያ ነበር። መጽሐፍ አድርጌ ላሳትመው ነበር። አሁን ባንኮኒው ላይ የቀረው ግማሽ ደብተር ነው።

ዞርኩባት። «አንቺ መሃይም! ምን እንዳጠፋሽ ታውቂያለሽ? የእያንዳንዱ ቃል አገሩ፣ አባቱ፣ እናቱ ነበር እዚያ ውስጥ!»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም።

«እሺ ሊቁ!» አለችኝ። «በቀን ሠላሳ ጊዜ የምትጠራውን ቃል ንገረኛ! ሰገነት ውሃ! ሰገነት ጫማዬን! ሰገነት ዝም በይ! እስቲ፣ ሰገነት ብሎ ስም ያወጣልኝ ማነው? ለምን አለኝ?»

አስራ አራት ዓመት እርስዎ ስትለኝ ኖራ አንተ አለችኝ፣ ያውም ገበያ መሀል።

«የማይረባ ነገር አታውሪ!» ብዬ ጮህኩባት። መልሱን ግን አላውቀውም። ጠይቄያትም አላውቅም። ጠሀም፣ ሴትዮዋም፣ መንገደኛውም አፌን አፌን ያያሉ። ንዴቴ እንዳለ ነው፤ የምወጣበት ሰው ግን አጣሁ።

«ማን አወጣልሽ?» አልኩ በመጨረሻ።

ደንግጣ አየችኝ። ፊቷ ፈታ አለ፣ ድምጿም ረገበ። «አያቴ ናት» አለች። «እናቴ እኔን አርግዛ ሳለች...»

 ዓይኗ እጄ ላይ ነው። ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ሳላውቀው እርሳሴን ከኪሴ አውጥቼ በርበሬ የነካው ወረቀት ላይ ልጽፍ ደግኛለሁ።