ውሻው እስኪበርደው

ቄሱ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ሲያሳርፉ ሻጩ ፊታቸውን ሰርቆ አየ። ይህች ባለ ቆዳ ወንበር አሮጌ የናፍጣ መኪና ሞተሯ ከቀዘቀዘ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ካልገፋት አትነሣም። ስለዚህ ገና ሳይነጋ አስገፍቶ አስነሣት፤ ሲያሞቃት ቆይቶም ቄሱ ከመድረሳቸው በፊት አጠፋትና ኮፈኑን የጉድጓድ ውሃ እየደፋበት አቀዘቀዘው። እርጥቡን በገዛ ጋቢው ወለወለ። ሴት ልጁ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝታ ቀዶ ጥገና ትጠብቃለች፤ ከዚህች መኪና ሌላ የሚሸጠው የለውም።

“ናፍጣ የሚፈተነው በብርድ ነው ብለውኛል” አሉ ሩዝ ያበለጸጋቸው ቄስ። “እኔ ደግሞ ሞታ ስትነሣ ካላየሁ አላምንም።”

“በድን ናት እኮ አባ! መቼም የገዛ እጅዎ አይዋሽዎትም።”

“እውነትም በድን ናት። በል ቁልፉን አምጣው።”

ሻጩ ቁልፉን ሲዘረጋ፣ ከወረታ መገንጠያ ሥጋ ቤቶች በኩል አንድ ውሻ በታኅሣሡ ብርድ እየተንቀጠቀጠ መጣ። መኪናዋን አሸተተ፤ ከሞተሩ ሥር ገብቶ ተዘረረና ዓይኑን በደስታ ጨፈነ።

“ውጣ! ሂድ ከዚህ!” ሻጩ መሬቱን በእግሩ ደበደበ። ውሻው ጭራውን ብቻ ቆላ።

ቄሱ አጎንብሰው ውሻውን አዩት። ከዚያ ወደ ቁልፉ የዘረጉትን እጅ ወደ ጋቢያቸው መለሱና መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

“አባ፣ ልጄ እኮ...” አለ ሻጩ።

“ተወው፣ አትቀስቅሰው” አሉ። “እሱ እስኪበርደው እንጠብቃለን።”