ልጄ ተኝቷል... እንዳትቀሰቅሰው!

"ድምፅህን ቀንስ! ልጄ ተኝቷል... እንዳትቀሰቅሰው!" አሉት እናቱ።

ማንን? ራሱን ልጃቸውን!

ዳቦ ጋጋሪው ልጃቸው አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ እንዳስገባ ደርቆ ቀረ...

"እማዬ... ልጅሽ እኮ እኔ ነኝ።"

"ወግድ! የኔ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲጋግር አድሮ ገና አሁን ጋደም ማለቱ ነው።"

ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሥራቸው ምን መሰላችሁ? የመስኮት መጋረጃ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ መትከል!

ሰፈሩ "እማማ ቁልፍ" ነው የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት ስፌት ቤት ቁልፍ ሲተክሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ምላሳቸው እንደ መርፌያቸው የሰላ ሴት ናቸው። ባለፈው ሳምንት እንኳ የሰፈሩን ልጆች የልደት ቀን አንድ በአንድ በቃላቸው ሲጠሩ ነበር።

በአራት ቀን ውስጥ ግን... ሳሙናው ዳቦ ሳጥን ውስጥ፣ ዳቦው ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ...

እኛ ጎረቤቶችም ሥራ አልፈታንም።

ግማሻችን "ጃጁ" አልን። ግማሻችን ደግሞ "ምራቲቱ ናት፣ አቃጥላ ጨረሰቻቸው" አልን።

ምራቲቱ ግን ጠዋት ማታ ባሏን የምትለው ሌላ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ደህና ሰው በአራት ቀን አይጃጅም! ሐኪም ይያቸው!"

"ሐኪም እርጅናን ያድናል?"

አትፍረዱበት። ሌሊት ምድጃ ፊት ይቆማል፣ ቀን ሚስቱ ሥራ ስትሄድ እናቱን ይጠብቃል። እንቅልፍ ጥሎት ሁለት ጊዜ እጁን ተቃጥሏል።

ሄዶ የአረጋውያን መጠለያ ቅጽ ሞላ።

"ሐሙስ ይዘሃቸው ና" አሉት። የጎደለው የጤና ምርመራ ወረቀት ብቻ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ክሊኒክ ወሰዳቸው። ዶክተሩ "አራት ቀን" ሲባል ቅንድቡን ከፍ አደረገና ደምና ሽንት አዘዘ።

ላብራቶሪ ያለችው ሴት ትንሿን የሽንት ዕቃ ስትሰጠው ጋጋሪው ተናደደ።

"እህቴ፣ የታመመው ጭንቅላቷ ነው! ሽንት ምን ያደርግልሻል?"

"ሥራህ ምንድን ነው ወንድሜ?"

"ዳቦ ጋጋሪ።"

"ዳቦ መብሰሉን ከላይ ነው ከታች የምታየው?"

"...ከታች።"

"እኔም እንደዚያው ነኝ።"

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠራችው። ማይክሮስኮፑን እያሳየች "እይ" አለችው።

አጎንብሶ አየ... እንደ ተቆራረጠ ክር ያለ ነገር ይርመሰመሳል።

"ባክቴሪያ ናቸው። ሽንት ሲወርድ ጠራርጎ ሊወስዳቸው ይገባ ነበር። እነዚህ ግን በዚህ መሣሪያ እንኳ የማይታይ ፀጉር አላቸው... ጫፉ መንጠቆ። በሱ የሽንት ፊኛን ግድግዳ ቆንጥጠው ይይዛሉ። የልጅ ጫማ ላይ ጠረር ብሎ የሚላቀቀው ማጣበቂያ አለ አይደል? እንደሱ። አንዴ ከተጣበቁ እዚያው ይራባሉ።"

"ታዲያ ይሄ ከጭንቅላት ጋር ምን አገናኘው?"

"ወጣት ቢሆኑ 'አቃጠለኝ' ብለው ይጮሁ ነበር። አንዳንድ አዛውንት ላይ ግን ድንገት መዘባረቅ ሆኖ ይወጣል። ቀሪውን ዶክተሩ ይነግርሃል... እናትህ ግን ታመው እንጂ ጃጅተው አይመስለኝም።"

ጋጋሪው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ይሳቅ ያልቅስ አላወቀም...

ዶክተሩም ያንኑ አለ፤ የሰባት ቀን መድኃኒት ጻፈላቸው። ሐሙስ መጣ፣ ሐሙስ አለፈ... ቅጹ ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን እማማ ቁልፍ መጋረጃውን ገልጠው ጮኹ።

"ይሄን ቁልፍ የተከለው የትኛው እብድ ነው?!"

"እርስዎ ነዎት እኮ እማማ!" አለች ምራቲቱ ሳቋ እያመለጣት።

"እኔ ብሆን እንዲህ አላጣምመውም!"

ምራቲቱ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሳቁ እኛ ቤት ድረስ ተሰማ... እኛ ያማናትም አፈርን።

መድኃኒቱ ሲያልቅ ለምርመራ ተመለሱ። የላብራቶሪዋ ሴት ውጤቱን አይታ ፈገግ አለች፤ ሽንቱ ጸድቷል። ከዚያ ድንገት ጠየቀቻቸው።

"እማማ፣ ሽንትዎን ይይዛሉ እንዴ?"

"ብዙም አይደል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ከሰዓት አስር ሰዓት።"

"ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ?! እሱ እኮ ነው ለነዚያ ባክቴሪያዎች መጣበቂያ ጊዜ የሚሰጣቸው! ምን ሆነው ነው?"

እማማ ቁልፍ ልጃቸውን ሰረቅ አድርገው አዩት...

"ወደ መጸዳጃው የሚገባው በሱ መኝታ ክፍል አልፎ ነው። በሩ ደግሞ ሲጢጥ ይላል። አንድ ቀን 'እማዬ ባክሽ፣ አንድ ሰዓት እንኳ ልተኛበት!' አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ፊት ይቆማል። እኔም ውሃ መጠጣቱን ተውኩት... ካልገባ አይወጣም ብዬ።"



ጋጋሪው ያቺን ቃል የዛሬ ሁለት ወር ተናግሮ ያኔውኑ ረስቷታል...

"ልጄ ተኝቷል... እንዳትቀሰቅሰው!"

ለካ አልዘባረቁም ነበር!

መልኩን ረሱ... እሱነቱን ረሱ... እንቅልፉን ግን አልረሱም።

የዚያኑ ዕለት አልጋውን ተሸክሞ ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣ። የበሩን ማጠፊያ የዳቦ ቆርቆሮ በሚቀባበት ዘይት ቀባው። ቅጹን ምን እንዳደረገው አትጠይቁኝ... ምድጃው ያውቃል።

ዛሬ በቀትር በራቸው ላይ ሳልፍ እማማ ቁልፍ ውሃቸውን በትልቅ ብርጭቆ ይዘው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው የልጃቸው ማንኮራፋት መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል።

"አይረብሽዎትም?" አልኳቸው።

"ቀስ በይ አንቺ! ተኝቷል..." አሉኝ እየሳቁ።

ወገኖቼ... ድንገት የተለወጠን አዛውንት "ጃጀ" ብላችሁ አትዝጉት፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ደክሞን የምንወረውራት ቃልም እንደዚያች ባክቴሪያ መንጠቆ አላት... እኛ ስንረሳት እሷ የሚወደን ሰው ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች።

እናንተስ... ቤታችሁ ውስጥ "አልረብሻቸው" ብሎ ችሎ የሚኖረው ማን ነው? ዛሬ ጠይቃችሁታል? እስቲ ኮመንት ላይ ንገሩኝ...