የዶሮ ቤቱ መዝጊያ

«ቀስ በል እንጂ! ባለፈው ሳምንት ነው የቀባሁት» ትላለች የእርሻው ባለቤት ቡዲል።

ፎልመር አይሰማትም። የዶሮ ቤቷን መዝጊያ ነቅሎ ሳሩ ላይ አጋድሞታል፤ ተንበርክኮ፣ ጥጉ ላይ በሚስማር የተመታችውን፣ የፋብሪካ ቁጥር የያዘችውን የክብሪት ቀፎ የምታክል ሰሌዳ በቢላ ጫፍ ይፍቃል። መዝጊያው ከጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ሆድ የተቆረጠ ቆርቆሮ ነው። አውሮፕላኑ እዚህ ማሳ ላይ ሲወድቅ የቡዲል አባት ወታደሮቹ ሳይደርሱ ጎትቶ ደበቀው። ጀርመኖች ዴንማርክን ያዙ፤ እሱ ደግሞ ቆርቆሯቸውን ያዘ።

ፎልመር ጡረታ የወጣ የባቡር ጣቢያ ሹም ነው። እሱና እኔ የአንድ ማኅበር አባላት ነን፤ የወደቁ አውሮፕላኖችን የፋብሪካ ቁጥር እናሳድዳለን። ከአባላቱ መካከል ጥርሷ ሁሉ የራሷ የሆነ እኔ ብቻ ነኝ።

የተኳረፍነው በአንድ አኃዝ ነው፤ ስድስት ዓመታችን። የያኔው የመንደር ፖሊስ የዚህን አውሮፕላን ቁጥር መዝግቦ ነበር፤ እኛ እጅ የገባው ግን የካርቦን ግልባጭ ነው፤ አራተኛው አኃዝ ፈዟል። እኔ ሦስት ነው አልኩ። ፎልመር ስምንት ነው አለ። ሰሌዳዋ ራሷ እዚህ ቀለም ሥር መኖሯን ያወቅነው ገና በቅርቡ ነው። እስከዚያው በማኅበሩ መጽሔት ላይ ተሰዳደብን። መጽሔቱ አሥራ አንድ አንባቢ አለው፦ አምስቱ የእሱ፣ አምስቱ የእኔ፣ አንዱ አራሚው።

ዛሬ ግን አጥሩ ሥር ወይዘሮ ገርሊንደ ቆመዋል። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ከጀርመን በባቡር መጥተዋል፤ በማሰሮ የተተከለ ሐምራዊ አበባ ታቅፈዋል። እሳቸው ሊወለዱ ሁለት ወር ሲቀራቸው አባታቸው በረረ፤ አልተመለሰም። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። አኃዙ ሦስት ከሆነ አውሮፕላኑ የአባታቸው ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ስም በሌለው መስቀል ሥር የተኛው አብራሪ እሱ ነው። ስምንት ከሆነ የተኛው ሌላ ሰው ነው፤ የእሳቸውን አባት ባሕሩ ይወቀው።

«ይቀመጡ እንጂ» እላቸዋለሁ።

«ሰማንያ ዓመት ተቀምጬ ጠብቄያለሁ፤ ይበቃኛል።»

«ስምንት ከሆነስ?»

«አበባውን ለዚያኛው ልጅ አኖርለታለሁ። መልሼማ አልሸከመውም።»

ቢላው አረንጓዴውን ያልፋል፣ ቀዩን ያልፋል፣ ቢጫው ላይ ይደርሳል። ቡዲልና ከእሷ በፊት እናቷ ከጰራቅሊጦስ በፊት ዶሮ ቤቱን ሳይቀቡ የቀሩበት ዓመት የለም።

«ቢጫው የእናቴ ነው» ትላለች ቡዲል። «አባቴ ሦስት ቀን አኩርፏል።»

ቀለሙን ስራገም ነበር የቆየሁት። ለካስ የባሕሩ ጨው ቁጥሩን እንዳይበላው የሸፈነው እሱ ነው።

ዶሮዎቹ ደጃቸው መከፈቱን አውቀው አንድ በአንድ ይወጣሉ።

«አንዲት ብትጎድል» ትለናለች ቡዲል «ከሁለታችሁ አንዳችሁ እዚህ ቀርታችሁ እንቁላል ትጥላላችሁ!»

ማንም አይስቅም። ቢላው ቆሟል። ፎልመር መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ይወለውላል፤ መልሶ ያደርገዋል፤ ሰሌዳዋን በመዳፉ ይከድናል።

«አሳየኝ!» እላለሁ።

«አንቺ ቆዪ። ላንቺ አይደለም የፋቅሁት።» ወደ አጥሩ ይዞራል። «ወይዘሮ ገርሊንደ፣ የአባትዎን አውሮፕላን ቁጥር በቃልዎ ያውቁታል?»

«እናቴ ከጸሎት ጋር ነው ያስጠናችኝ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይበሉ፣ ጣቴ ይከተላል። ያልገጠመ እንደሆነ ይቆማል።»

መጥተው ከጎኑ ይቆማሉ፤ ማሰሮውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«አንድ።»

መዳፉ ይነሳል፤ ጣቱ አንድ ላይ ያርፋል።

«ሰባት። ዜሮ።»

ጣቱ ይከተላል። አራተኛው አኃዝ በጥፍሩ ተሸፍኗል። አንዲት ዶሮ መዝጊያው ላይ ወጥታ ሁላችንንም ታየናለች፤ የሚያባርራት የለም።

«ሦስት» ይላሉ ወይዘሮ ገርሊንደ።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ጣቱ አልፎ ሄዷል፤ ዘጠኝ ላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።